መድፉ ብቻውን አልተጎተተም

መቼም የዚህ መጽሔት አንባቢ «የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ አሻንጉሊት ታንክ ምን አገባው?» ማለቱ አይቀርም። ትንሽ ታገሱኝ፤ ነገሩ ወዲህ ነው።

ዶርም ውስጥ አንድ ጓደኛ አለኝ። አጎቱ ከውጭ በላከለት የታንክ ሞዴል ነው ትርፍ ሰዓቱን የሚያሳልፈው። ሞዴሉ ከእውነተኛው ታንክ 35 ጊዜ ያነሰ ነው። ይህን ልክ ያስለመደው ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሲሆን፣ የተመረጠውም ባትሪው ሆዱ ውስጥ እንዲገባ ተብሎ ነው ይባላል። በዚህ ስሌት 1 ሜትር ከ75 የሆነ ሰው 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል።

ጓደኛዬን እንቅልፍ የሚነሳው ግን ታንኩ አይደለም፤ ላዩ ላይ የሚጫነው ኮተት ነው። የተጠቀለለ ሸራ፣ ጀሪካን፣ ብርድ ልብስ፣ የስንቅ ከረጢት። እነዚህ የሚሠሩት ከሬዚን ነው። ሬዚን ማለት ሁለት ፈሳሾች ተደባልቀው የሲሊኮን ቅርጽ ውስጥ ፈስሰው ሲጠጥሩ የሚገኝ ነገር ነው። ትርፉ በመጋዝ ይቆረጣል፤ ብናኙ ለሳንባ ስለማይበጅ በውኃ እያረጠቡ በብርጭቆ ወረቀት ይሞረዳል። በሳሙና ካልታጠበ ቀለም አይዝም። የፕላስቲክ ማጣበቂያም ስለማይሠራበት በሱፐር ግሉ ነው የሚለጠፈው። ከዚያ መነሻ ቀለም፣ ቀጥሎ ዋናው ቀለም። በጣም የቀጠነ ጥቁር ቡኒ ሲፈስበት እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ጥላ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ቀለሙ በጨርቅ በተጠረገ ብሩሽ ጠርዙ ዳበስ ዳበስ ሲደረግ ሸራው እውነት ሸራ ይመስላል።

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ሳየው ተናድጄ ነበር። እኔ ያደግሁት ላይ ጋይንት ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ሲገባ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። «ታንክ ደግሞ ይጌጣል እንዴ?» አልኩት። እሱም «ታንኩን አይደለም የማስጌጠው፤ ሰው እንደነበረበት እያሳየሁ ነው» አለኝ።

ይህን ሲለኝ ታናሽ ወንድሜ ትዝ አለኝ። ያኔ ወደ ቤታችን እንደተመለስን ከጭቃ ታንክ ሠርቶ ነበር። ከኋላው አንዲት ትንሽ የጭቃ ጀሪካን አስቀመጠ። «ይቺ ደግሞ የማናት?» ስለው «የእማ ናት» አለኝ። እናታችን ስንሸሽ የያዘችው ጀሪካን ነው። ልጁ የማንንም ትምህርት ሳይማር ጓደኛዬ የሚደክምበትን ነገር ያውቀው ነበር ማለት ነው።

እስኪ አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ እንምጣ። አጼ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን አሠሩ። ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ነው። በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በጋይንት በኩል አልፈው፣ የዝጣንና የበሽሎን ገደል ወርደው ወጥተው መቅደላ ሲደርሱ መጋቢት ሆኖ ነበር። መንገዱ በእጅ እየተጠረገ፣ መድፉ በሰው ጉልበት እየተጎተተ አምስት ወር ከመንፈቅ ፈጀ። ንጉሡም ሚያዝያ 6 ቀን ራሳቸውን ሠዉ። መድፉ ዛሬም መቅደላ ተራራ ላይ አለ፤ ምስሉም አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

ግን ምስሉን ስናይ ምን እናያለን? መድፍ ብቻ! የጎተተው ሰው የለም። መጫኛው፣ ስንቁ፣ አቁማዳው፣ ከኋላ እንስራ ያዘለችው ሴት የለችም። ሠራዊት ባለፈበት ሁሉ እህሉ ያለቀበት የበጌምድር ገበሬም የለም። ንጉሡን አከብራለሁ፤ ነገር ግን መድፉን ብቻ የሚያሳይ ሐውልት የታሪኩን ግማሽ ነው የሚነግረን ባይ ነኝ።

የእኛም ሙያ ችግር ይኸው ነው። የጦርነት ዜና ስንጽፍ ስንት ታንክ ተቃጠለ፣ ስንት መሣሪያ ተማረከ እንላለን። ጀሪካኗን ማን ጻፋት? አንዳንድ ጓደኞቼ «ይህ ጥቃቅን ነገር ነው፤ ዜና ትልቁን ይዞ ነው የሚነሣው» ይሉኛል። ትልቁ አይጻፍ አላልኩም። ነገር ግን ጥቃቅኑ ሲወጣ የሚቀረው ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ አያለቅስም። «የጦር መሣሪያ መሥራት ጦርነትን ማስወደድ ነው» የሚሉም አሉ። ባዶውን ታንክ ብቻ አንጸባርቆ ለሚያስቀምጥ እውነት ነው። ከአጠገቡ የተበላሸውን ቤትና የተጣለውን ድስት ለሚሠራ ግን እንዴት ጦርነት ይወደዳል?

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለኝ። ዲፓርትመንታችን የጋፋት–መቅደላን ጉዞ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢሠራስ? ሬዚን ውድ ነው ካላችሁ ጭቃ፣ ሽቦና ቃጫ በነጻ አለ። መድፉን በ1/35 አስልቼዋለሁ፤ በዚያው ብረት ቢሠራ 163 ግራም ብቻ ነው የሚመዝነው፤ በአንድ እጅ ይያዛል። የሚከብደው ሰዎቹን መሥራት ነው። አምስት ሴንቲ ሜትር የሚያህል ሰው ፊት ላይ ድካምን መቀባት ቀላል አይደለም። ከመቀባታችን በፊትም ወደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ሄደን ሽማግሌዎችን «አያቶቻችሁ ስለዚያ ዘመን ምን አወሩላችሁ?» ብለን መጠየቅ ይኖርብናል። ያ ደግሞ ከቀለም ሥራ አልፎ ጋዜጠኝነት ነው።

እኔ በበኩሌ መጀመሪያ የምሠራውን መርጫለሁ። መድፉን ሌላ ሰው ይሥራው፤ እኔ ከኋላ የምትከተለዋን ሴት እሠራለሁ።

ቸር እንሰንብት።