እንሶስላን ከዘር ማብቀል ለምን ያስፈልጋል?

እንሶስላ ሥሩ ተቀጥቅጦ የሴቶችን እጅና እግር የሚያስውብ ቀለም የሚሰጥ የደጋ ተክል ነው። ኢምፔሸንስ ቲንክቶሪያ ከተባለው ሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ ሁለተኛው ቃልም ማቅለሚያነቱን ያመለክታል። ጥላና እርጥበት ባለበት የጫካ ዳርና የወንዝ ዳር ይበቅላል፤ ነጭ አበባው በምሽት እያወደ የእሳት እራቶችን ይስባል። ይሁን እንጂ ተፈላጊው ክፍል ሥሩ በመሆኑ፣ ሥሩ ሙሉ በሙሉ ከተነቀለ ተክሉም አብሮ ይጠፋል።

ለዚህ ቀላሉ መፍትሔ የሥሩን ቁራጭ መልሶ መትከል ነው። ዘዴው ፈጣን ቢሆንም የሚገኘው ተክል የእናቱ ቅጂ ብቻ ነው። የቅርብ ዘመዱ የኢምፔሸንስ ዋለሪያና ታሪክ የዚህን አደጋ ያሳያል። መነሻው ምሥራቅ አፍሪካ የሆነው ይህ አበባ በዓለም የአትክልት ቦታዎች እጅግ ተስፋፍቶ ነበር። ዳውኒ ሚልዲው የተባለው በሽታ እ.ኤ.አ. በ2003 በብሪታንያ፣ በ2011 እና በ2012 ደግሞ በአሜሪካ ሲዛመት፣ በገበያ ላይ የነበሩት ዝርያዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ተጋላጭ ሆነው ተገኙ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ከዘር የበቀሉ ነበሩ። ስለዚህ ዘር ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ዘሩ ከተለያዩ ቦታዎችና ከብዙ እናት ተክሎች የተሰበሰበ መሆን አለበት።

ስብሰባው ግን ብልሃት ይጠይቃል። የበሰለው ፍሬ ሲነካ ፈንድቶ ዘሩን ይበትናል፤ ስለሆነም ከመብሰሉ በፊት በስስ ጨርቅ ከረጢት መሸፈን ያስፈልጋል። አበቃቀሉም ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። የዋለሪያና ዘር በአፈር ሳይቀበር፣ ብርሃንና እርጥበት አግኝቶ፣ ከ21 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት በደንብ ይበቅላል። ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ደጋ የሚኖረው እንሶስላ ግን ይህንኑ ልክ ይፈልጋል ብሎ መገመት አይገባም። ሙቀትን፣ ብርሃንንና የዘር ዕድሜን በየተራ እየለዋወጡ መፈተን ይገባል።

ይህ ፍተሻ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የላቦራቶሪ ሳህን፣ ቴርሞሜትርና በጥንቃቄ የተያዘ መዝገብ ይበቁታል፤ ስፋቱም ለአንድ የማስተርስ ጥናት የተመጠነ ነው። የመመረቂያ ርዕስ ስንመርጥ ከውጭ ለመጡ የጌጥ አበቦች የምንሰጠውን ትኩረት ያህል ለዚህ ተክል ልንሰጥ ይገባል ባይ ነኝ። ለሙሽሮች እጅ ቀለም የሚሰጠው ሥር ከዱር እየተቆፈረ ብቻ ሊዘልቅ አይችልም፤ በጓሮ ሊለማ የሚችለውም አስተማማኝ ችግኝ ሲገኝ ነው።