ስለ ብራና መጻሕፍት አዲስ ማኅደር

መጽሐፍን መጻፍ ታላቅ ሥራ ነው፤ የተጻፈውን ጠብቆ ለልጅ ልጅ ማስተላለፍም ከዚህ የማያንስ ሥራ ነው። የላስታ አድባራት ካህናት የብራና መጻሕፍታቸውን በማኅደር ከትተው ከዝናብና ከእሳት ሲጠብቁ ኖረዋል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. የተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራም የላሊበላን መጻሕፍት ጭምር አንሥቶ ቅጁን በአዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኒሶታ አኑሯል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት እስከ ላሊበላ በደረሰ ጊዜ፥ ቅጅን በሌላ ስፍራ ማኖር እንዴት እንደሚጠቅም ለሁሉ ተገለጠ።

ዛሬ ግን ብራናን በዲጂታል ካሜራ አንሥቶ በሰርቨር ማስቀመጥ ተለምዷል። እንግዲህ ለዚህ ሥራ ኤስኤስዲ የሚባለውን ማስቀመጫ የሚመርጥ ሁሉ ፍጥነቱንና የዋጋውን መርከስ ብቻ መመልከት አይገባውም። ኤሌክትሪክ በድንገት ሲጠፋ በመጻፍ ላይ ያለውን የሚያድን ካፓሲተር እንዳለው አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ምን ያህል ጽሑፍ እንደሚችልም በዋስትናው ወረቀት ይመርምር። በኅብረት ከሚሠሩት ሦስት ሰርቨሮች እያንዳንዱ ሙሉ ቅጅ ይያዝ፤ አንድ ጉድለት ሁሉንም በአንድነት እንዳያጠፋም ኤስኤስዲዎቹ ከተለያየ ፋብሪካ ይገዙ።

ደግሞም ኤስኤስዲ ያለ ኤሌክትሪክ ሲቀመጥ የያዘውን ቀስ በቀስ ይለቃል። ለሰርቨር የተሠራው የአገልግሎቱን ልክ ከጨረሰ በኋላ፥ የዓለም መለኪያ የሚጠይቀው በ40 ዲግሪ ሙቀት 3 ወር እንዲጠብቅ ብቻ ነው። ስለዚህ በሣጥን ተዘግቶ ለሚኖረው ቅጅ የማግኔት ቴፕ ይሻላል።

ብራናው ለብዙ መቶ ዓመታት የቆየው ታማኝ ጠባቂ ስላገኘ ነውና፥ አዲሱም ማኅደር በርካሽነቱ ሳይሆን በታማኝነቱ ይመረጥ።