ዋና ዐቃቤ ሕጉን ሕዝቡ ራሱ ይምረጠው!

ከሮተርዳም፣ ሆላንድ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላል ያገሬ ሰው። የኢትዮጵያ ዐቃቤ ሕግም እስከ ዛሬ የጮኸው ለሾመው ጌታ ነው።

ወገኖቼ ልብ በሉ! እዚህ ሆላንድ፣ ዘ ሄግ ያለው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ ዲሴምበር 15 ቀን 2017 በደርጉ ባለሥልጣን በእሸቱ ዓለሙ ላይ የእድሜ ልክ እስራት ፈርዷል። ጉዳዩ እ.ኤ.አ በ1978 ጎጃም ውስጥ የተፈጸመው ግፍ ነበር። ደብረ ማርቆስ ላይ ብቻ 75 እስረኞች ተገድለዋል። ይግባኙም በ2022 ውድቅ ሆነ። ሰውየው ከአምስተርዳም አጠገብ አምስተልፌን ይኖር የነበረ የሆላንድ ዜጋ ነው። ክሱን የያዘው ደግሞ ሮተርዳም ያለው ብሔራዊ የዐቃቤ ሕግ ቢሮ ነው።

የሆላንድ ዐቃቤ ሕግም ቢሆን ከሚኒስትር ፍጹም ነጻ አልነበረም። በዚያን ጊዜ በነበረው ሕግ የፍትሕ ሚኒስትሩ በአንድ ክስ ላይ ትእዛዝ መስጠት ይችል ነበር። ግን ትእዛዙ በጽሑፍ መሆን ነበረበት፤ «ክሱን ተዉት» ሲል ደግሞ ለፓርላማ እንዲያሳውቅ ሕጉ ያስገድደው ነበር። በስልክ ሹክ ብሎ መቅረት አልነበረም!

ወደ እኛ ስንመጣስ? በ1984 ዓ.ም የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ የወደቀውን ደርግ ከሰሰ፤ ሥልጣን ላይ ያለውን የሚከስ ግን አልነበረም። የቅንጅት መሪዎች በ1998 ዓ.ም በዘር ማጥፋት ሙከራ ሳይቀር ተከሰሱ፤ ሐምሌ 1999 እድሜ ልክ ተፈርዶባቸው በቀናት ውስጥ በይቅርታ ወጡ። ሰኔ 2012 የታሰሩት እስክንድር ነጋና ጃዋር መሐመድም ታኅሣሥ 29 ቀን 2014፣ በገና ዕለት፣ «ለብሔራዊ ምክክር ሲባል» ክሳቸው ተነሣ። መፈታታቸውን አልቃወምም። ነገር ግን ክሱ እውነት ከነበረ ለምን ተነሣ? ሐሰት ከነበረስ ለምን ተመሠረተ? ፍርድ ቤት ሳይነግረን ቀረ።

ምስጢሩ ግልጽ ነው። በ2008 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 943 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ተጠሪ አደረገው። በ2014 ዓ.ም ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ጭራሽ የፍትሕ ሚኒስቴር ሆነ። ከሳሻችን የካቢኔ አባል ነው!

«ፓርላማው ይምረጠው» የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ በ2021 ምርጫ ብልጽግና ከ436 ወንበሮች 410 ሲወስድ አይተናል። እንዲህ ባለ ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንኳ ምን ዋስትና ይሆናል?

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። ዋና ዐቃቤ ሕጉን ሕዝብ በቀጥታ፣ ከምክር ቤቱ ምርጫ በተለየ ዓመት ይምረጠው። የማንም ፓርቲ አባል አይሁን። አዲስ ነገር አይደለም፤ በአሜሪካ 43 ስቴቶች የሚያደርጉት ነው። እዚያ ግን ብዙዎቹ ወንበሩን የገዥነት መወጣጫ ያደርጉታል። መድኃኒቱ እዚሁ ዘ ሄግ አለ፦ የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ዐቃቤ ሕግ በአባል አገሮች ምስጢራዊ ድምፅ ለዘጠኝ ዓመት ይመረጣል፤ ዳግመኛ አይመረጥም። የሚለማመጠው ሹመት የለውም።

«ምርጫው የዘር ፉክክር ይሆናል» ለሚሉትም መልስ አለ። አሸናፊው በአብዛኞቹ ክልሎች የተወሰነ ድምፅ እንዲያገኝ ሕጉ ያስገድድ። የአንድ ብሔር ድምፅ ብቻውን አያሾመውም።

የምርጫ ቦርዱ ራሱ ነጻ ካልሆነ ይህ ሁሉ ከንቱ መሆኑን አውቃለሁ። ሁለቱን አብረን እንጠይቅ። ነገ ሥልጣን የሚይዙት ወዳጆቻችን ቢሆኑም ጥያቄያችን አይለወጥ፤ ያኔ ነው ለፍትሕ መቆማችን የሚታወቀው።

ቸር ይግጠመን!