ፈረሱ ክረምቱን ጭቃ ላይ ቆሞ እንዳያሳልፍ

ክረምት በመጣ ቁጥር በየወረዳው የሚወጣው የግብርና ዕቅድ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ወተት ላሞች በዝርዝር ይናገራል። ፈረስ ግን አብዛኛውን ጊዜ «የጋማ ከብት» በሚል አንድ መስመር ይታለፋል። መኪና የሚገባበት መንገድ በጭቃ ሲዘጋ ማዳበሪያውን ወደ ማሳ፣ እህሉን ወደ ወፍጮ ቤት፣ ምጥ የያዛትን እናት ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ይኸው በአንድ መስመር የታለፈው እንስሳ ነው። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል፤ የሚያደርሰው ግን እግሩና ሳንባው ደህና ሲሆን ነው።

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ፈረስ ያለው ቦታ ይታወቃል። በ1932 ዓ.ም እንደተመሠረተ የሚነገርለት የፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 በእንጅባራ የሚያደርገው በዓል ከሩቅም ከቅርብም ተመልካች ይስባል። ጥር ላይ አጊጦ የሚጋልበው ፈረስ የሚድነውም የሚጎዳውም ግን ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ለበዓሉ ከሚሰጠው ትኩረት ግማሹ ለክረምቱ ቢሰጥ የብዙ ፈረሶች ዕድሜ በረዘመ ነበር።

«የደጋ ፈረስ ዝናብ ለምዷል፣ ምን ይሆናል?» የሚሉ አሉ። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ሆዱ የሞላና ጤነኛ የሆነ ፈረስ ዝናብ ስለመታው ብቻ አይታመምም፤ ጸጉሩ ውኃውን ለጊዜው ያንሸራትትለታል። የሚጎዳው ዝናቡ፣ ነፋሱና ረሃቡ ባንድነት ሲመጡበት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሌት ተቀን ጭቃ ላይ ሲቆም ነው።

ጭቃና ሽንት የተቀላቀለበት መሬት ሰኮናን ያለሰልሳል። በሰኮናው ሥር፣ መሐል ላይ ያለው ለስላሳ ክፍል መበስበስ ይጀምራል፤ ጥቁር ፈሳሽ ያወጣል፣ ከሩቅ ይሸታል። ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው ፈረሱ ማነከስ ሲጀምር ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሥራው ወቅት ደርሷል። መከላከያው ገንዘብ አይጠይቅም። ማታ ማታ አራቱንም እግር አንስቶ በደነዘዘ እንጨት ወይም ብረት ጭቃውንና ጠጠሩን ማውጣት፣ ከዚያም ደረቅ መሬት ላይ ማቆም ይበቃል። ጭቃውን ለማስለቀቅ እግሩን አጥቦ እርጥቡን መተው ግን ጉዳቱን ያብሳል፤ እስኪደርቅ ጠብቆ ማራገፍ ይሻላል። ያደገ ሰኮናም ጭቃ ስለሚይዝና ስለሚሰነጠቅ በየ6 እና 8 ሳምንቱ መስተካከል አለበት።

ደረቅ መሬት ከየት ይምጣ የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው። ለአንድ ፈረስ 3 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ቦታ ከአካባቢው ትንሽ ከፍ አድርጎ ድንጋይና ጠጠር መደልደል፣ ዙሪያውን ቦይ መቅደድ፣ ከላይ በሣር ወይም በቆርቆሮ መክደን የአንድ ቤተሰብ የጥቂት ቀን ሥራ ነው። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ዲከረንስ ለከሰል የሚያለማ አርሶ አደር ለማገር የሚሆን እንጨት አያጣም። እዚህ ላይ ግን አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ፈረሱ እንዳይበርደው ተብሎ መስኮት በሌለው ጠባብ ጋጣ፣ ከበሬና ከላም ጋር፣ አንዳንዴም ጭስ በሚታፈንበት ቤት ይዘጋበታል። ከሽንቱ የሚነሳው የሚያፍን ሽታ ሳንባውን ይጎዳል። ፈረስ ከብርድ ይልቅ የታፈነ አየር ይጎዳዋል። ነፋስ በሚመጣበት በኩል ግድግዳ፣ በሌላው በኩል ክፍት ቢሆንለት ይመረጣል።

መኖው ላይም ሊታሰብ ይገባል። መሬቱ ሁሉ በሰብል ስለሚያዝ በክረምት ለግጦሽ የሚተርፈው ረግረጉና የመንገዱ ዳር ነው። ለምለሙ ሣር ሆድ ይሞላል እንጂ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ከረግረጉ ደግሞ አልቅትና የሆድ ትል ይመጣል። 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፈረስ በቀን ከ5 እስከ 6 ኪሎ ግራም ደረቅ መኖ ያስፈልገዋል። ስለዚህ በመኸር የተሰበሰበ ድርቆሽና ገለባ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ተከድኖ ለክረምቱ መቆየት ነበረበት። ዝናብ ነክቶት የሻገተውን «ለፈረስ ይሁን» ብሎ መስጠት ግን ቁርጠትና ሳል መግዛት ነው። በሬ የሚችለውን ሻጋታ ፈረስ አይችለውም።

እርጥብ ጀርባ ላይ እርጥብ ኮርቻ መጫንም ቆዳን ይልጣል። የኮርቻው ሥር ልብስ በየማታው ይድረቅ። በተለይ በከተማ ጋሪ የሚጎትቱ ፈረሶች ላይ ቁስሉ ቀላል አይደለም፤ በቁስሉ በኩል የሚገባ፣ ቆዳ ሥር ተደርድሮ እያበጠ መግል የሚያመጣና በቶሎ የማይድን በሽታ ስላለ የአንዱን ፈረስ ዕቃ ለሌላው ማዋስ መቅረት አለበት።

ወረዳዎችን በቀጥታ የሚመለከተው ጉዳይ ግን ክትባት ነው። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለው በትንንሽ ትንኞች ይተላለፋል። ትንኞቹ የሚራቡት በእርጥብ መሬትና በፍግ ክምር ላይ ሲሆን የሚናከሱት ከጀምበር መግቢያ እስከ ንጋት ነው። የታመመ ፈረስ ያተኩሰዋል፣ ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ባፍንጫው አረፋ ያወጣል፤ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። አህያ አብዛኛውን ጊዜ ይቋቋመዋል፤ ፈረስ ግን አይችለውም። መድኃኒት የለውም። ክትባቱ ግን ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል።

ክትባት በተሰጠ ማግሥት አይከላከልም፤ ሰውነት መቋቋሚያ እስኪያበጅ ሳምንታት ያልፋሉ። መስከረም ላይ ፈረስ መሞት ሲጀምር ክትባት ይዞ መድረስ ስለዚህ ለሞተው ቀርቶ ለተረፈውም ብዙ አይጠቅምም። ወረዳው በሚያዝያ የየቀበሌውን ፈረስ ቆጥሮ ፍላጎቱን ቢያሳውቅ፣ ክትባቱም ሰኔ ሳይገባ ቀዝቃዛ ሰንሰለቱ ሳይቋረጥ ቢደርስ፣ የተከተበው ፈረስ ከከባድ ሥራ ለጥቂት ቀናት የሚያርፍበት ጊዜም ይገኛል። የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያም ለክትባቱ በሚሰበሰቡበት ቀን የእያንዳንዱን ፈረስ እግር አንስቶ ቢያይ፣ ለባለቤቱም እዚያው ቢያሳየው፣ የተለየ ሥልጠናና የተለየ አበል አያስፈልገውም።