ሱዛን የምትባል ውሻ

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ ብዙ ጊዜ ጽፈናል፤ ስለ ውሻ ግን እስከ ዛሬ አንድ ቃል ስንኳ አልተናገርንም። ምክንያቱም የታወቀ ነው። በአገራችን ልማድ ውሻ የደጅ ጠባቂ ነው እንጂ እልፍኝ የሚገባ አይደለም፤ በበላበት ይጮኻል፤ ካረጀ በኋላ ግን ስሙን የሚያነሣው የለም። ነገር ግን በቅርቡ በጎረቤታችን ግቢ አንዲት ያረጀች ውሻ ብትሞት፥ ሕፃናቱ እህል አንቀምስም ብለው አለቀሱ። አባታቸውም በሥራው የተከበረ ሰው ነውና «ለውሻ ደግሞ ይለቀሳልን?» ብሎ ተቈጣቸው። ማታ ግን እርሱ ራሱ ባዶውን የውሻ ጐጆ ቆሞ ሲመለከት አየነው። ስለዚህ የአንዲት ንግሥትና የአንዲት ውሻ ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደድን። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን።

ኮርጊ የሚባለው የውሻ ዘር አገሩ ዌልስ ነው። በዚያ አገር ቋንቋ የስሙ ትርጓሜ «ድንክ ውሻ» ነው ይላሉ፤ በእውነትም ቁመቱ እስከ ትከሻው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሥራው ግን የእረኛ ሥራ ነው። ከብቱን የሚነዳው ተረከዙን ነከስ እያደረገ ሲሆን፥ በሬው ተቈጥቶ ቢራገጥ ውሻው ዝቅ ስለሚል እግሩ በራሱ ላይ ያልፋል። ማጠር እንዲህ የሚጠቅምበት ሥራ እምብዛም አይገኝም። ዘሩ ፔምብሮክና ካርዲጋን ተብሎ በሁለት ይከፈላል፤ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የወደደው ፔምብሮክ የሚባለውን ነው።

በ1933 በኋላ ንጉሥ ጊዮርጊስ 6ኛ የተባሉት የዮርክ መስፍን ለቤተ ሰባቸው ዱኪ የሚባል ኮርጊ ገዙ። ታላቂቱ ልጃቸው ልዕልት ኤልሣቤጥ ያን ጊዜ የ7 ዓመት ሕፃን ነበሩ። ዱኪ ግን የቤተ ሰቡ ሁሉ ውሻ ነበር፤ ልዕልቲቱ «የእኔ» የሚሏትን ያገኙት በ1944፥ ጦርነቱ ገና ሳያበቃ፥ 18 ዓመት በሞላቸው ጊዜ ነው። አባታቸው የልደት ስጦታ አድርገው የሰጧቸው ቡችላ ሱዛን ተባለች።

በኅዳር 1947 ልዕልቲቱ ልዑል ፊልጶስን ሲያገቡ፥ ሙሽሮቹ ከቤተ መንግሥት ወደ ባቡር ጣቢያ በሠረገላ ወጡ። ሕዝቡ በግራና በቀኝ እልል ሲል፥ ሱዛን በሠረገላው ውስጥ ከብርድ ልብሱ ሥር ተሸሽጋ ነበረች! በእኛ አገር ሙሽራን ሚዜ ሲያጅብ እንጂ ውሻ ሲከተል አልሰማንም።

ሱዛን ነውር አልነበራትም ብንል ውሸት ይሆንብናል። የቤተ መንግሥቱን ሰዓቶች የሚሞላውን አገልጋይ ነክሳለች፤ በዘበኛም ላይ ጥርሷን አሳርፋለች። የከብት ተረከዝ ቢታጣ የሰው ተገኘ። እመቤቷ ግን አልጣሏትም።

በጥር 26 ቀን 1959 ሱዛን ሞተች። ኤልሣቤጥ ያን ጊዜ ንግሥት ከሆኑ ሰባት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀን የቀራቸው፥ የሁለት ልጆች እናት ነበሩ። በሳንድሪንግሃም ግቢ አስቀበሯት፤ የመቃብሩንም ድንጋይ ንድፍ በገዛ እጃቸው ነደፉ። በድንጋዩም ላይ ለ15 ዓመት ያህል የንግሥቲቱ ታማኝ ጓደኛ እንደ ነበረች ተጽፏል። ያን ያህል የመንግሥት ጕዳይ የሚጠብቃቸው ሰው ለአንዲት ውሻ መቃብር መጨነቃቸው ለአንዳንድ ሰው ያስቅ ይሆናል፤ እኛን ግን አላሳቀንም። አባታቸው በ1952 ሞተው ነበርና፥ ያን ቀን የተቀበረችው የአባታቸው ስጦታም ናት።

ዘሯ ግን አልጠፋም። ከሱዛን ልጆች 14 ትውልድ ያህል ተቈጠረ፤ ንግሥቲቱም በዘመናቸው ከ30 የሚበልጡ ኮርጊዎች አሳደጉ። የእኛም አገር ሰው ይህን ፍቅር ፈጽሞ አያውቀውም አይባልም፤ በ1965 ንግሥቲቱን በአዲስ አበባ የተቀበሉት ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለትንሽ ውሻቸው ለሉሉ የነበራቸውን ፍቅር የማያውቅ የቤተ መንግሥት ሰው አልነበረም።

ንግሥቲቱ ካረጁ በኋላ ግን ውሾቻቸውን ማራባት ተዉ። ከኋላቸው ወጣት ውሻ ትተው ለመሄድ ስላልወደዱ ነው ተብሎ ተነግሯል። ከሱዛን ዘር የመጨረሻዪቱ ዊሎ በሚያዝያ 2018 ሞተች። ሆኖም በ2021 ልዑል ፊልጶስ በታመሙበት ወራት ቤተ ሰባቸው እንደ ገና ቡችሎች አመጡላቸው፤ ባላቸው በሚያዝያ ሲሞቱም ንግሥቲቱ ከቡችላ ጋራ ቀሩ።

የፈሩትም ደረሰ። በመስከረም 19 ቀን 2022 የንግሥቲቱ አስከሬን ወደ ዊንድሶር ሲገባ፥ ሚክና ሳንዲ የተባሉት ሁለቱ ኮርጊዎች በማሰሪያቸው ተይዘው ከግቢው ውስጥ ይጠብቁ ነበር።