የመኪና ጉልበት በገንዘብ ይገዛልን?

ማታ ማታ በአዲስ አበባ ሰፋፊ ጎዳናዎች ዳር ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ከሩቅ እንደ ነጎድጓድ ያለ ነገር እያጓራ ይመጣል፤ ሕፃናት ይደነግጣሉ፤ ሽማግሌዎች ወደ አጥሩ ጠጋ ይላሉ። ከዚህ በኋላ ብቅ የሚለው ግን የእሽቅድድም አውቶሞቢል ሳይሆን፣ ዕድሜዋ ሃያ ዓመት ያለፈ አንዲት ትንሽ ቪትዝ ናት። ማርሚታዋ ተለውጧል፤ ቸርኬዋ ያብረቀርቃል፤ ከኋላዋም እንደ አውሮፕላን ክንፍ ያለ ነገር ተገጥሞባታል። ባለቤቷ ብዙውን ጊዜ ሥራ ከያዘ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የሆነው ወጣት ነው።

በዚህ ወጣት ለመሳቅ አልተነሣንም። በላቡ የገዛውን ንብረት መውደዱና ማስጌጡ የሚያስነቅፈው አይደለም። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ ይኸውም ሻጩ «ጉልበት ይጨምራል» ብሎ በውድ ዋጋ የሸጠለት ዕቃ በእርግጥ ጉልበት ጨምሮለታልን? ያው ገንዘብ በሌላ ዕቃ ላይ ቢውልስ ኖሮ ምን ያስገኝ ነበር? የሚል ነው።

ጥያቄው ቀድሞ የትርፍ ጊዜ ወሬ ነበር፤ አሁን ግን ከኑሮ ጋር የተያያዘ ሆኗል። እንደሚታወቀው በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ጥሏል። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተገለጸ። እንግዲህ በእጃችን ያለው የቤንዚን መኪና ተተኪ እንደ ልብ የማይገኝለት ስለ ሆነ፣ እየጠገኑ ማኖር ግድ ነው። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በውጭ አገር 100 ዶላር የሚሸጥ ዕቃ፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ሳይታሰብ፣ በባንክ ተመን 5,700 ብር የነበረው ከ10,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው፤ ዛሬ ከዚያም አልፏል።

ይህ የፍጥነት ዕቃ ንግድ ከየት እንደ መጣ ማወቁ ነገሩን ለመመርመር ይረዳል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1932 የፎርድ ኩባንያ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ሠርቶ ተራው ሕዝብ በሚችለው ዋጋ አቀረበ፤ ጉልበቱም 65 የፈረስ ጉልበት ነበር። የደቡብ ካሊፎርኒያ ወጣቶች እነዚህን መኪናዎች እየገዙ፣ ጭቃ መከላከያውንና ኮፈኑን እየነቀሉ፣ በደረቁ የሐይቅ ሜዳዎች ላይ ይሽቀዳደሙባቸው ነበር። በ1938 ቪክ ኤደልብሮክ የተባለው መካኒክ ለዚህ ሞተር የተሻለ የአየር ማስገቢያ ሠራ፤ ሌሎችም ተከተሉት። በ1963 የፍጥነት ዕቃ ሠሪዎች የራሳቸውን ማኅበር እስከ ማቋቋም ደረሱ።

በዚያ ዘመን የተገዛው ዕቃ በእርግጥ ጉልበት ይሰጥ ነበር። ምክንያቱም ፋብሪካው ሞተሩን የሚሠራው በርካሽ ስለ ነበረ፣ ብዙ ጉልበት ሳይወጣ ይቀር ነበር። ስምንት ሲሊንደር በአንድ ካርቡራተር እየተነፈሰ ሳለ፣ ሁለተኛ ካርቡራተር ቢጨመርለት መበርታቱ አያስደንቅም። የዛሬው ሞተር ግን እንደዚያ አይደለም። የነዳጅ ቁጠባና የጭስ ሕግ ያስጨነቃቸው የፋብሪካ መሐንዲሶች ከእያንዳንዷ ጠብታ ቤንዚን የሚገኘውን ጉልበት አስቀድመው ጨምቀው አውጥተውታል። የቀረው ጥቂት ነው፤ ያንንም ጥቂት ለማግኘት የሚጠየቀው ዋጋ ብዙ ነው። ሻጩ ግን እስከ ዛሬ ድረስ የሚናገረው በ1938 እውነት የነበረውን ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር አየሩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ያለው የአየር ክብደት በባሕር ዳርቻ ካለው ጋር ሲነጻጸር ከሦስት አራተኛ አይበልጥም። ሞተር ደግሞ ቤንዚን ብቻውን አያቃጥልም፤ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። አየሩ ሲሳሳ ኮምፒዩተሩ ቤንዚኑን ይቀንሳል፤ ጉልበቱም ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በጃፓን 70 የፈረስ ጉልበት አላት ተብላ የተጻፈላት ባለ 1,000 ሲሲ ቪትዝ፣ እዚህ እኛ ዘንድ ስትደርስ 53 ያህል ብቻ ይቀራታል። 17 የፈረስ ጉልበት በመንገድ ላይ የወደቀ ሳይሆን፣ በደጋው አየር የተወሰደ ነው።

አሁን ሻጩ የሚያቀርበውን በዚህ ሚዛን እንመልከተው። በዘይት የተነከረ የጥጥ ፊልትሮ ብንገዛ፣ በእንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር ላይ የምናገኘው ቢበዛ አንድ ወይም ሁለት የፈረስ ጉልበት ነው፤ ይኸውም ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ሲጮኽ ብቻ ነው። አራት ሰው የጫነች ቪትዝ 1,200 ኪሎ ያህል ትመዝናለች፤ 70 ኪሎ የሚመዝን አንድ ጓደኛ ቢወርድላት ከክብደቷ ከመቶ ስድስት እጅ ያህል ይቀልላታል። ሁለት የፈረስ ጉልበት ግን ከ53ቱ ላይ ከመቶ አራት እጅ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ወዳጃችንን በእግሩ ብንልከው ፊልትሮውን ከመግዛት የበለጠ ፍጥነት እናገኛለን ማለት ነው፤ ወዳጅነቱ የሚተርፍ ከሆነ!

ስለ ፊልትሮ ካነሣን፣ በአሜሪካ የኦክ ሪጅ ቤተ ሙከራ በ2009 ያወጣው ጥናት አንድ የቆየ እምነት አፍርሷል። በዘመናዊ የቤንዚን መኪና ላይ የቆሸሸ ፊልትሮ የመኪናውን መፈናጠር ያደክማል እንጂ የነዳጁን ፍጆታ ይህን ያህል እንደማይለውጠው አሳይቷል። በካርቡራተር በሚሠሩት አሮጌዎች ላይ ግን ነዳጅ ያባክናል። በእኛ አቧራማ መንገድ ላይ የሚያስፈልገው እንግዲህ አየርን በብዛት የሚያሳልፈው ውዱ ፊልትሮ ሳይሆን፣ አቧራን አጥብቆ የሚይዘውና በየጊዜው የሚለወጠው ተራው የወረቀት ፊልትሮ ነው። ሞተርን የሚበላው አቧራ ነውና።

ማርሚታውስ? ሰፊ ማርሚታ ጭሱን በቀላሉ ያስወጣል መባሉ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ጥቅሙ የሚታየው ሞተሩ በደቂቃ ከ5,000 ዙር በላይ ሲሽከረከር ነው። ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ በሰልፍ የሚሄድ ሰው የሚነዳው በ1,500 እና በ2,500 ዙር መካከል ነው። በዚህ ዙር ላይ ከልክ በላይ የሰፋ ቧንቧ የጭሱን ፍጥነት ስለሚቀንሰው፣ መኪናው እንዲያውም ሊደክም ይችላል። ባለቤቱ ግን በረታልኝ ብሎ ይምላል። እግሩ ያላገኘውን ጆሮው አግኝቶለታል፤ ድምፅ ሲበዛ ፍጥነት የበዛ ይመስላልና። ለድምፅ ከፍሎ ድምፅ የገዛ ሰው አልተታለለም፤ ለጉልበት ከፍሎ ድምፅ የተሰጠው ግን ተታሏል።

ካንዴላን በተመለከተ አጭር ነው። ባለ ኢሪዲየሙ ከተራው ብዙ እጥፍ ዕድሜ አለው፤ ምክንያቱም ኢሪዲየም የሚቀልጠው ከ2,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። ጉልበት ግን አይጨምርም። ኦሪጅናል ከሆነና ፋብሪካው ያዘዘው ከሆነ በዕድሜው ዋጋውን ይመልሳል። በቤንዚን ውስጥ የሚጨመረውን ጠብታና በቧንቧው ላይ የሚታሰረውን ማግኔት በተመለከተ ደግሞ፣ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት «ነዳጅ ይቆጥባሉ» ከተባሉት ከ100 በላይ መሣሪያዎችን መርምሮ ነዳጅን በሚገባ የሚቆጥብ አላገኘም።

አንድ ነገር ግን በቅንነት መመስከር ይገባናል። ተርቦ ባላቸው ሞተሮች ላይ፣ ይልቁንም በናፍታዎቹ ፒክአፖች ላይ፣ የኮምፒዩተሩን ሥርዓት መለወጥ እውነተኛና ብዙ ጉልበት ይሰጣል። ተርቦ አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ደጋው የወሰደውንም ይመልሳል። ዳሩ ግን ይህ ጉልበት የሚገኘው በፍሪሲዮኑ፣ በካምቢዮውና በፒስተኑ ዕድሜ ነው፤ ብዙ ጊዜም የጭስ ማጣሪያው ተነቅሎ ይጣላል። በአሜሪካ በ2020 የወጣ የመንግሥት ሪፖርት በ10 ዓመት ውስጥ ከ550,000 በላይ የናፍታ ፒክአፖች ማጣሪያቸው እንደ ተነቀለ ገምቷል። ያንን ጭስ የሚተነፍሰው ደግሞ መኪና የሌለው እግረኛ ነው።

ታዲያ በውድ ዋጋ ቢገዛ የማያስቆጭ ዕቃ የለምን? አለ እንጂ፤ ነገር ግን እሱ አይጮኽም፤ አያብረቀርቅምም።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ የተጓዘበት ያውቀዋል። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል፣ 40 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው፤ ሁለት ትልልቅ ጀሪካን ማለት ነው። ነፋሱ ከፊሉን ይወስዳል፤ በከባድ ማርሽ የሚወርድ ብልህ ሾፌር ደግሞ ሞተሩን ሌላውን ከፊል ያሸክመዋል። የቀረው በሙሉ የሚያርፈው በፍሬኑ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ የሚንጠለጠለው በአንዲት ትንሽ ጠርሙስ በሚሸጠው የፍሬን ዘይት ነው። አዲስ ዶት 3 የተባለው ዘይት ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ዶት 4 ደግሞ እስከ 230 ይታገሣል። ነገር ግን ይህ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የመምጠጥ ጠባይ አለው። እርጥበት ከጠጣ በኋላ የመጀመሪያው በ140፣ ሁለተኛው በ155 ዲግሪ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይገባል፤ መኪናው ግን አይቆምም። መኪናውን ከገዛ ጀምሮ የፍሬን ዘይት ለውጦ የማያውቅ ሰው ለማርሚታ ሲከራከር ስንሰማ የምንፈራው ስለዚህ ነው። በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ቢለወጥ ይበቃል፤ ዋጋውም ከማርሚታው ጋር የሚወዳደር አይደለም።

በዚህም ላይ ቢሆን ውድ የሆነው ሁሉ ደግ ነው ማለታችን አይደለም። ለእሽቅድድም የተሠራ የፍሬን ሸራ ካልሞቀ አይዝም፤ በጠዋት ብርድ ድንገት ለሚሻገር ተማሪ የሚያስፈልገው ግን በቀዝቃዛነቱ የሚይዘው ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ያዘዘው ኦሪጅናል ሸራ ከእሽቅድድሙም፣ የሌላውን ማሸጊያ ለብሶ ከሚሸጠው ፎርጅድም ይበልጣል።

ጎማም እንዲሁ ነው። መኪና መሬት የሚነካው እያንዳንዳቸው የእጅ መዳፍ በሚያህሉ አራት ቦታዎች ብቻ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ያንን ሁሉ የሚሸከሙት እነዚህ አራት መዳፎች ናቸው። ጎማ የሚገዛ ሰው በጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ ጋር የተጻፉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ይመልከት። 0319 የሚል ካገኘ፣ በ2019 በሦስተኛው ሳምንት የተሠራ መሆኑን ይወቅ። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ሁሉ አዲስ አይደለም፤ ፀሐይ ላይ የከረመ ላስቲክ ጥርሱን ይዞ ይሞታልና። ሶማሌ ተራ ሄዶ አሮጌ አሞርዛተር የሚገዛም ሰው እንዲሁ ማሰብ አለበት፤ ለበር እጀታ ወይም ለመስተዋት አሮጌ ዕቃ መግዛት ብልህነት ነው፤ መኪናውን በመንገዱ ላይ ለሚያጸናው ዕቃ ግን አይደለም።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪናዎችም ጥቂት እንበል። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስምና ደጋው ምንም አይወስድበትም፤ እንጦጦ ላይም ሆነ ጅቡቲ ወደብ ላይ ጉልበቱ ያው ነው። ከባሕር ዳርቻ አገር ሰው ይልቅ ለአዲስ አበባ ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ሆኖ ሳለ፣ ሲነገር ብዙም አንሰማም። ቁልቁለት ሲወርድም ሞተሩ ራሱ ፍሬን ሆኖ ባትሪውን ይሞላል፤ ብቻ ባትሪውን ጎሐ ጽዮን ላይ ሞልቶ የወረደ ሾፌር ይህን ጥቅም አያገኝም፤ የሞላ እንስራ ሌላ ውሃ አይቀበልምና። ማርሚታም ሆነ ካንዴላ የለውም፤ ሻጩ ምን እንደሚያቀርብለት ገና ልናይ ነው። በባትሪው ምክንያት ከባድ ስለ ሆነ ጎማ መብላቱን ግን ከአሁኑ አይተናል።

ይህን ጽሑፍ ስናሰናዳ አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባችን ከአንድ ሱቅ ገዝቶ ያስገጠመውን ማርሚታ አስፈትቶ የፋብሪካውን መለሰ። ያስፈታው በምክራችን አይደለም፤ እናቱ በመኪናው አልሄድም ስላሉ ነው። ማርሚታው አሁን አልጋው ሥር ተጋድሟል፤ በገዛበት ዋጋ ግማሽ ቢያገኝለት ሁለት የፊት ጎማ ሊገዛበት አስቧል። እስከ ዛሬ የጠየቀው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በዱቤ።