ቢጫ ሁሉ አደይ አይደለም

ባለፈው መስከረም ደሴ አንድ ካፌ ገብቼ ጠረጴዛው ላይ አደይ አበባ አየሁ። ደስ ብሎኝ ጠጋ ስል፣ ላስቲክ! ይሁን፣ ለምጄዋለሁ። ያናደደኝ «ምነው እውነተኛውን ብታደርጉ?» ስላት አስተናጋጇ የመለሰችልኝ ነው። «አደይ እኮ በሰው እጅ አይበቅልም።»

እናንተስ ይህን ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? እኔ ገራዶ ሳድግ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ፈጣሪ ሲፈቅድ በዓመት አንዴ ብቅ ይላል፣ ዘርቶ ያበቀለው ሰው የለም ይባላል። ሲነገር ያምራል፤ ግን ውሸት ነው። በራሱ የሚመጣ ነገር ደግሞ ማንም አይጠብቀውም።

ለነገሩ ብዙዎቻችን አደይን አንለይም። ቢጫ ያየን ሁሉ «አደይ!» ብለን ፎቶ እንለጥፋለን። ግማሹ መጭ ነው፣ አንዳንዱም ኑግ። ቅጠሉን እዩት። የመጭ ቅጠል ያልተከፋፈለ፣ ሻካራ፣ ከግንዱ ላይ ጥብቅ ብሎ የተቀመጠ ነው። የአደይ ቅጠል ግን እንደ ካሮት ቅጠል የተሰነጣጠቀ ነው። ከደረቀ በኋላ ደግሞ ዘሩን እዩ። የኑግ ዘር ጥቁርና ልሙጥ ነው፤ የአደይ ዘር ጠፍጣፋ ነው። የሳይንስ ስሙም ከዘሩ የመጣ ነው፦ ቢደንስ ማክሮፕቴራ፣ «ሁለት ጥርስ፣ ትልቅ ክንፍ» እንደ ማለት። አደይ የምንለው የቢደንስ ዝርያ አንድ ብቻ እንዳልሆነም ልብ በሉ።

ዋናው ነገር ግን ይኼ ነው፤ አደይ የአንድ ዓመት ተክል ነው። በክረምት ይበቅላል፣ በመስከረም ያብባል፣ ዘሩን ያራግፋል፣ ይሞታል። የሚቀጥለው ዓመት አደይ ያለው በዚያ ዘር ውስጥ ብቻ ነው። እኛ ታዲያ ምን እናደርጋለን? አብቦ ሳያፈራ ከነሥሩ ነቅለን፣ አስረን፣ ገበያ እናወጣዋለን። ይዘው የሚዞሩትን ልጆች አልወቅስም። እየገዛን «ዘንድሮ አደይ ጠፋ» የምንለውን ትልልቆቹን ነው የምወቅሰው።

ቱፎርዲም አለ። ጤፍና ስንዴ ላይ የሚረጨው ይህ መድኃኒት የሚገድለው ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ነው፤ አደይም ከዚያው ወገን ነው። የአያቴ ማሳ ወሰን ድሮ መስከረም ሲገባ ቢጫ ቀበቶ የታጠቀ ይመስል ነበር። አሁን ሣር ብቻ ነው። ከኑግ የተገኘሽ ሰሊጥ አብረሽ ተወቀጭ ማለት ይኼው ነው። ገበሬው ለምን ረጨ አልልም፣ ልጆቹን ማብላት አለበት። ግን ወሰኑ ላይ ጤፍ የለም እኮ!

አሜሪካ ውስጥ ካስቲሌጃ የምትባል፣ ቀለም የተነከረ ብሩሽ የምትመስል የዱር አበባ አለች። የዋዮሚንግ ግዛት ከ1917 ጀምሮ አንዷን ዝርያ የግዛቱ አበባ አድርጓታል። ይህች አበባ አስቸጋሪ ናት፤ ሥሯን ከጎረቤት ተክል ሥር ላይ አጣብቃ ውሃና ምግብ ትሻማለች። ስለዚህ ወዳጆቿ ከሣር ጋር አብረው ይዘሯታል። እነሱ ያቺን ያሳድጋሉ፤ እኛ ምንም የማይጠይቀውን አደይ «አይበቅልም» እንላለን።

እኔ ሞክሬዋለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ዘሩን ጠልቆ ቀብሬው አንድም አልወጣ። በሁለተኛው ዓመት ወጣልኝ፣ እናቴ አረም መስሏት ነቀለችው (አልፈርድባትም፣ ገና ሳያብብ አረም ነው የሚመስለው)። በሦስተኛው ገባኝ። አበባው ደርቆ ሲጠቁር፣ ኅዳር አካባቢ፣ ዘሩን ለቅሜ በወረቀት ፖስታ ደረቅ ቦታ አስቀመጥኩ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጠና ፀሐይ በሚያገኝ ቆርቆሮ አፈር ላይ በትኜ፣ በጣቴ ብቻ ሸፈን አደረግኩት። ማዳበሪያ የለ፣ ምን የለ። ለእንቁጣጣሽ በረንዳዬ ላይ አበበ። እናቴ ጎረቤቶቿን ጠርታ አሳየች።

የተረፈውን ዘር ይዤ ገራዶ ወረድኩ። አጎቴን ወሰኑ ላይ ቱፎርዲ እንዳይረጭ ለመንኩት። «መሬት ልትካፈለኝ መጣህ እንዴ?» ብሎ ሳቀና፣ ከዋርካው ወዲህ ያለችውን አሥር እርምጃ ያህል ተወልኝ።